በልቦለዱ መካከል የገቡ ንቦች

ባለፈው ሳምንት ምን አነበብሽ፣ ምን አየሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር አይሆንም። አንድ ልቦለድ አነበብኩ፤ ከመካከሉ ጀምሬ። ሁለት ፊልም አየሁ፤ አንዱን ወደድኩት፣ ሌላው አናደደኝ። ስለ ንብ እርባታ በሕይወቴ ከሚያስፈልገኝ በላይ አወቅሁ። ከአባቴ ጋር ተኮራረፍኩ፣ ታረቅሁ፣ ነጭ ሸሚዙን አጠብኩለት። በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ አንድ ሰው ወደድኩ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ዋዛ ጣል ማድረጌ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ በቤታችን ትልቅ ነገር የሚወራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

እኔና አባቴ መጽሐፍ ጠራዦች ነን። ሱቃችን በቁልፍ ቀራጭና በላውንደሪ ቤት መካከል የተጣበቀች አንድ ክፍል ናት፤ ከኋላዋ ደግሞ የምንኖርበት ቤት አለ። አሮጌ መጽሐፍ ጀርባው ተገንጥሎ፣ ገጹ ተበታትኖ ይመጣልናል። ሽፋኑን እንገፈዋለን፣ የደረቀውን ሙጫ እንፍቃለን፣ ከዚያ በየእጥፋቱ እንለያየዋለን። እጥፋት የምንለው አንድ ላይ ታጥፈው የሚሰፉትን ጥቂት ገጾች ነው። እኔ እጥፋቶቹን በተራቸው እደረድራለሁ፤ አባቴ ይሰፋል።

እየደረደርኩም አነባለሁ። ስለዚህ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ግማሾቹ መጀመሪያ የላቸውም፣ የተቀሩት መጨረሻ የላቸውም። አባቴ «ጥራዝ ነጠቅ» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን አላፍርበትም። የሰውን ነገር ከመሃል ገብቶ መረዳት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖሩት።

ሰኞ ጠዋት ባለፊልሙ መጣ። ባለፊልሙ የምለው ከኛ ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ ባለው ትንሽ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳየውን ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ስለሚውል ደጅ ሲወጣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል፤ ለማያውቀው ሰው የሚስቅ ይመስላል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ አሮጌ ልቦለድ ሊያስጠርዝ አምጥቶ ስለ መጽሐፉ ጥቂት አውርተን ነበር። ጥቂት ስል፣ አባቴ ደጋግሞ እስኪያስል ድረስ ማለቴ ነው። ቅዳሜ መጽሐፉን ወሰደ፤ ሰኞ ይዞት ተመለሰ።

«ደህና አደርሽ፤» አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ቅሬታ አይደለም። ጥያቄ ነው።»

«ጠይቃ።»

«ልጅቷ በሩን ትከፍትለታለች። ሰውየው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ገጹን ገለጥኩ።» እዚያው ገልጦ አነበበልኝ። «"ቀፎውን ከመክፈትዎ በፊት ጥቂት ጭስ ይንፉበት። ንቦቹ ከተቆጡ አይሽሹ፤ ቀስ ብለው ይቁሙ።"»

ሳቄን ልውጠው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«መጀመሪያ ደራሲው የተራቀቀብኝ መስሎኝ ነበር፤» አለ፣ እሱ ሳይስቅ። «ስለ ፍቅር የሚናገር መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ያስኬዳል። "ቀስ ብለው ይቁሙ" የሚለውን ለብቻው አሰብኩበት። የነቃሁት ስለ ቀፎ ጽዳት ሲመጣ ነው።»

«ከንቦቹ በኋላስ?»

«ከንቦቹ በኋላ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አገኘሁት። ለምን እንደሚሄድ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ መሃሉ ከሌለ ግን መጨረሻው አይገባም።»

አባቴ ከውስጥ ወጣ። «ምንድን ነው?» አለና መጽሐፉን ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ወሰደው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ ራቅ አደረገው፣ እንደገና አስጠጋው። ከዚያ ጣቱን በስፌቱ ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ።

«ስፌቱ ደህና ነው፤» አለ።

«ስፌቱማ አንደኛ ነው አባባ፤» አለ ባለፊልሙ። «መሃሉ ላይ ግን ሌላ መጽሐፍ ገብቷል።»

አባቴ ጣቱን እንደገና በስፌቱ ላይ አሳለፈ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የአባቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። መርፌ የሚያስገባው በጣቱ ነው። ደንበኛን የሚለየው በድምፁ ነው። እሱ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ሽፋን ሳይለጠፍበት፣ እሱ ፊቱን ሲያዞር ጠብቄ ገጾቹን አገላብጬ አያለሁ፤ የተሳሳተ ካለ ፈትቼ እሰፋለሁ። ልቦለዱ የተሰፋ ቀን ግን የሽፋን ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ነበር። የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር የንብ እርባታ መጽሐፍም አጠገቡ ተፈትቶ ነበር፤ መጠናቸው እኩል፣ ወረቀታቸውም ያው ቢጫ። ስመለስ አባቴ ራሱ ደርድሮ፣ ራሱ ሰፍቶ፣ ሽፋን ለጥፎ፣ ሙጫው እንዲደርቅ በከባዱ መጫኛ ሥር አስገብቷቸዋል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ገጽ አላዛባም። ሥራው ማለት እሱ ነው።

«እኔ ነኝ፤» አልኩ። «ደርድሬው የወጣሁት እኔ ነኝ። ተምታትቶብኝ ነው አባዬ።»

ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው ልብሽ ሌላ ቦታ ነበር፤» አለ። ከዚያ ባለፊልሙን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። በዚያ ዓይኑ ምን ያህል እንዳየው እንጃ፤ ባለፊልሙ ግን እንደታየ ገብቶታል።

የጎደለው እጥፋት ያለው መምህሩ ጋ መሆን አለበት። ደወልኩላቸው።

«ስልካችሁን ስጠብቅ ነበር፤» አሉ መምህሩ ገና ድምፄን እንደሰሙ። «ልጅቷ ምን አለችው?»

«እጥፋቱን ልንወስድ እንምጣ ወይ?»

«መልሱን ይዛችሁ ከሆነ ኑ። ያለ መልስ አልሰጥም። ረቡዕ ቤት ነኝ።»

ማክሰኞ ከሰዓት ሲኒማ ሄድኩ። ባለፊልሙ ነበር የጠራኝ፤ «እስከ ረቡዕ የጎደለ ታሪክ ይዤ ከምዞር መጨረሻ ያለው ነገር አብረን እንይ፤» ብሎ። አብረን ማለቱ እንኳ አባባል ነው፤ እኔ ታች፣ እሱ ላይ በትንሿ መስኮት በኩል ነበርን። ፊልሙ ውስጥ አንድ አሮጌ ባልና ሚስት የተሰበረ ጀልባ ይጠግናሉ። ይጨቃጨቃሉ፣ ሚስማር ይጠፋቸዋል፣ ይፈልጋሉ፣ ጀልባዋ ትንሳፈፋለች። አለቀ። ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ አንቀላፍተው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድ ጊዜ ምስሉ ደብዘዝ ሲል ማንም ሳያጉረመርም ወዲያው ጠራ፤ ላይ ያለው ሰው አብሮኝ እያየ እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ነው።

ሲያልቅ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ወደድሽው?»

«በጣም። ማንም "እወድሻለሁ" አላለም፤ ጀልባቸውን ነው የጠገኑት።»

«በዝናብም የሮጠ የለም።»

«የሠራውን ሰው አመስግንልኝ። እነዚያ በዝናብ የሚሮጡት ልብሳቸውን ማን እንደሚያጥብላቸው ገብቶኝ አያውቅም።»

ሳቀ። ሰዎች በመሃላችን እያለፉ ይወርዳሉ፤ እሱ ዓይኑን ከፀሐዩ ጨፈን አድርጎ ያየኛል፤ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ መጽሐፍ ውስጥ ሲያጋጥመኝ ቶሎ ገጽ እገልጣለሁ። ይሄኛው እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

ረቡዕ በአውቶቡስ ወደ ከተማው ዳር ወጣን። መርፌ፣ ክርና ወስፌ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ በመስኮት እያየ፣ «የደረደርሽው አንቺ አይደለሽም፤» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«"እኔ ነኝ" ስትዪ ያየሽው አባትሽን አልነበረም። እኔን ነው፤ "እንዳትናገር" ብለሽ እንደምትለምኚው ሰው።»

ነገርኩት። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ በጣቱ የሚገባውን መርፌ፣ ከኋላው የማገላብጠውን ገጽ፣ ሁሉንም። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ከኔ አይወጣም፤» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ግን እስከ መቼ?»

«እስከቻልኩ ድረስ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። አውቶቡሱ መታጠፊያ ላይ ሲያጋድል ትከሻው ትከሻዬን ነካ፤ መንገዱ ከተቃናም በኋላ ሁለታችንም አልራቅንም።

መምህሩ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የንብ መከላከያ መረባቸውን ከባርኔጣቸው ላይ ሰቅለው በር ላይ ጠበቁን። ሰላምታችንን እንኳ በወጉ አልተቀበሉም።

«ንግሥቲቱን በጥንቃቄ አንሱ ይላል መጽሐፌ። ገለጥኩ። አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ "አብረሽኝ ትኖሪያለሽ ወይ" ይላል! ምን ልሁን? አነበብኩ። ልጅቷ ዝም ብላ አበባ ታጠጣለች፤ በልቧ "እናቴ ምን ትለኛለች" ትላለች። ገለጥኩ። ማር የሚቆረጥበት ወቅት! ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ግፍ በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም። ምን አለችው?»

«ምንም አላለችውም መምህር፤» አለ ባለፊልሙ። «ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ለምን እንደሄደ አሁን ከርስዎ ነው የሰማሁት።»

«እናትየውስ ምን አሉ?»

«እስከ መጨረሻው ማንም አልጠየቃቸውም።»

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አልተጠየቁም? ይህን የሚያህል መጽሐፍ ሙሉ ሁለት ሰው ፍዳውን የሚያየው አንዲት ሴትዮ ሳይጠየቁ ነው?»

ባለፊልሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌው ያወሩት ስለ ልቦለድ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው።

ግቢያቸው ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም መጻሕፍት አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። የጀርባውን ሙጫ ቀስ ብዬ አላቀቅሁ፣ ክሩን ከእጥፋቱ ላይ ፈታሁ፣ ንቦቹን ከልቦለዱ አወጣሁ፣ ፍቅረኞቹን ከቀፎው መለስኩ። እውነተኞቹ ንቦች በጆሯችን ሥር ያልፋሉ።

«ክሩን ሳብ አድርገህ ያዝልኝ፤» አልኩት።

ያዘልኝ። እንደታዘዘው፣ ሳያጠብቅም ሳያላላም። መርፌዬን ባስገባሁ ቁጥር ጣቶቻችን ይነካካሉ፤ ያን ቀን ከሚያስፈልገው በላይ ጠበቅ ያለ ስፌት ሰፍቻለሁ። አንዲት ንብ ክንዱ ላይ ስታርፍ እንኳ ክሩን አልለቀቀም።

«ቀስ ብለው ይቁሙ፤» አልኩት።

«ቆሜያለሁ፤» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳያነሳ።

ሐሙስ ሁሉም ተበላሸ። ባለፊልሙ መጽሐፉ መስተካከሉን ለአባቴ ሊያሳይ በቅንነት መጣ። አባቴ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ድምፁን ሰማና እጁን አቆመ።

«ስማኝ ልጄ፤» አለው። «ልጄ ሥራዋን አክብራ የኖረች ናት። አንተ በዚህ በር ከገባህ ወዲህ ግን እጇ እጇ አይደለም። መጽሐፍ የሚጠርዝ ሌላ ሰው አታጣም። ከዛሬ በኋላ እዚህ እንዳላይህ።»

መቀስ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ባለፊልሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «አባባ፣ ያዛቡት እርስዎ ነዎት፤» ቢል ነፃ ነበር። እኔም በልቤ ተናገር አልኩት፣ ወዲያው ደግሞ አደራህን እንዳትናገር አልኩት። አየኝ። መጽሐፉን አነሳ።

«እሺ አባባ፤» አለ። «እጅዎ ይባረክ። ስፌትዎ አሁንም አንደኛ ነው።» ወጣ።

ትከሻ ለትከሻ ስንቀመጥ፣ ጣቱን ስነካ፣ ወድጄዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። የወደድኩት ግን በዚያች ሐሙስ ነው። በቅጡ የማያውቀውን ሽማግሌ ክብር ለመጠበቅ ስድብ ተሸክሞ ሲወጣ ጀርባውን አይቼ ወደድኩት።

ከአባቴ ጋር እስከ ምሽት አልተነጋገርንም። እራት ላይ ጨው ሲፈልግ ዝም አልኩ። ስኳሩን አነሳ። ያኔ አላስቻለኝምና ጨውን በእጁ አስያዝኩት።

አርብ ከሰዓት ሥራዬን ጥዬ ሲኒማ ገባሁ። አንዲት ልጅ ታማሚ አባቷን ትታ ከምትወደው ጋር በባቡር ትሄዳለች። አባትየው መስኮት ላይ ይቀራል፣ ባቡሩ ይጮኻል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ መሐረብ አቀበለችኝ። እኔ ግን እያለቀስኩ አልነበረም፤ በንዴት ነበር ፊቴ የቀላው።

ደረጃው ላይ ባለፊልሙ ገና ሲያየኝ፣ «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል? ለምን ሁለቱንም አትይዝም? "አባዬ፣ ተነስ እንሂድ" ብትለው ምን ነበረበት?»

«ፊልሙ ያጥር ነበር።»

«ይጠር! እንዲህ ያለ ፊልም ቢያጥር ማን ይጎዳል? ያቺ የመጽሐፉ ልጅ ዝም ብላ አጣች፤ ይቺኛዋ ጥላ ሄዳ አጣች። ጎበዝ የሆነች አንዲት ሴት የሚጽፍ ጠፋ?»

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ስለ ፊልሙ እንደሚያወራ ሰው፣ «እወድሻለሁ፤» አለኝ። «ይህን ለመናገር ዝናብ እስኪመጣ አልጠብቅም።»

የንዴቴ ነገር በአንድ ጊዜ ተነነ።

«ግን፣» አለ፣ «አባትሽ በፊት ለፊት በር አስወጥተውኛል፤ በጓሮ በር አልገባም። ተደብቆ መውደድ አልችልበትም። አንቺንም ምረጪ አልልሽም።»

«ማን ተደበቅ አለህ? ማንስ ምረጪ አለኝ?» አልኩት። «እሁድ ለምሳ ና። በፊት ለፊት በር።»

«አባትሽስ?»

«የሱን ነገር ለኔ ተወው።»

እንዲህ ስል ድምፄ ሙሉ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትን መሬት በአንድ ቃል ብንደው ከዚያ ወዴት ይቆማል? ባልነግረው ደግሞ ያ ልጅ በኔ ዝምታ ተቀብሮ ይቀራል፤ እኔም አብሬው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መርፌ እያስገባ ነበር። ክሩን በምላሱ ያርሳል፣ ቀዳዳውን በጣቱ ይፈልጋል፣ ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ቀን አላዞርኩም። ወንበር ስቤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ያን መጽሐፍ የደረደርኩት እኔ አይደለሁም።»

መርፌውን አላስቀመጠም። «አውቃለሁ፤» አለ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ሰኞ ገና "እኔ ነኝ" ስትዪ አውቄያለሁ። አንቺ ጨርቅ ልትገዢ ሄደሽ ነበር። እስክትመለሺ መጠበቅ አቃተኝ፤ ብቻዬን እንደምችል ላሳይሽ ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ ልጁን ለምን አባረርከው?»

ከጎን የቁልፍ ቀራጩ ማሽን ጮኾ ዝም አለ። አባቴ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ዳብሶ አስቀመጠ።

«ደህና ልጅ ስለሆነ ነዋ፤» አለ። «ክፉ ቢሆን አንቺው ታባርሪው ነበር፤ እኔን አያሰጋኝም። ደህና ከሆነ ግን ትሄጃለሽ። አንቺ ከሄድሽ ማን ያይልኛል?»

አለቀስኩ። ፊልም ላይ ያልወጣው እንባ ሁሉ እዚያ ወጣ። ከእንባው ጋር ግን ቁጣዬም መጣ።

«እንዴት ሳትጠይቀኝ? እሄዳለሁ ብዬሃለሁ?»

«አንቺስ ጠይቀሽኛል?» ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከኋላዬ ገጽ ስታገላብጪ የማልሰማ መስሎሻል? የደከመው ዓይኔ ነው የኔ እመቤት፤ ጆሮዬ ደህና ነው!»

ተያየን፣ ማለት እኔ አየሁት። ከዚያ ከሁለታችን ማን እንደጀመረ አላውቅም፣ ሳቅን። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስቀን አናውቅም። ስንት ጊዜ ሙሉ አንዱ ለሌላው ሲል እየተደበቀ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድብብቆሽ ስንጫወት ኖረናል።

«አሁን ስማኝ አባዬ፤» አልኩት ፊቴን ጠርጌ። «የትም አልሄድም። ብሄድም ሁለት ጎዳና ነው። ሰኞ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ልጁ ደግሞ ነገ ምሳ ይመጣል።»

«ጠርተሽዋል?»

«ጠርቼዋለሁ።»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ይሄ የመጨረሻው ነው።»

አጉረመረመ። «ምን ልበለው?»

«ይቅርታ በለዋ።»

«ብዬ አላውቅም።»

«ቀኑን ሙሉ ተለማመድ።»

እሁድ ጠዋት ያጠብኩትን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ተቀመጠ። ባለፊልሙ በፊት ለፊት በር ገባ። አባቴ ወንበሩ ይመቸው እንደሆነ ጠየቀው። ምግቡ ቀርቦ እንደገና ወንበሩ ይመቸው እንደሆነ ጠየቀው። በልተን ስንጨርስ ለሦስተኛ ጊዜ ስለ ወንበሩ ሊጠይቅ ሲል በጠረጴዛው ሥር እግሩን ነካሁት።

«ሐሙስ የተናገርኩህ ነገር፣» አለ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለአንተ አልነበረም። ለዓይኔ ነበር።»

«ገብቶኝ ነበር አባባ።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የርስዎ ነገር ስለሆነ። ሌላ ሰው የሚያወራው አልመሰለኝም።»

አባቴ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ። ከዚያ የተለመደው ድምፁ መጣ።

«እና አሁን ልጄን ልትወስዳት ነው የመጣኸው?»

«እስካሁን እንዳየሁት የምትወስደኝ እሷ ናት አባባ።»

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ይሄኛው ሳል መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ስናወራ እንደሳለው ዓይነት አልነበረም።

ሰኞ ሐኪም ቤት ስንደርስ ባለፊልሙ በሩ ላይ ቆሟል። ና አላልኩትም፤ አትምጣም አላልኩትም። መተላለፊያው ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቴ በመካከላችን ሆኖ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣብቋል። ተጠርቶ ገባ። በሩ ተዘጋ። እኔና ባለፊልሙ አልተጠጋጋንም፤ አባቴ የተቀመጠበት ባዶ ቦታ በመካከላችን እንዳለ ነበር።

ሐኪሟ በመጨረሻ አባቴን እጁን ይዛ አወጣችው። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቁርጥ ያለ ነው።

«የዓይን ሞራ ነው፤» አለች። «በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ቀደም ብለው ቢመጡ ይህን ያህል አይቸገሩም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚንከባከባቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አሁን ላስረዳው። ቤተሰባቸው ማነው?»

ሁለታችንም ተነሳን። ከኔ ቀድሞ የቆመው እሱ ነበር። ወዲያው ያደረገው ነገር ታወቀውና አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ወንበሩ ሊመለስ ጎንበስ አለ።

አባቴ ኮቴውን ሰምቶ እጁን ወደሱ ዘረጋ። አየር ውስጥ ትንሽ ፈለገው፣ እጅጌውን አገኘ፣ ያዘ።

«ሁለቱም ይግቡ፤» አላት ሐኪሟን። «ሁለቱም የኔ ናቸው።»